ጋሽ መርፌ የደፈኑት መስመር

"ጋሽ መርፌ" ብለው ስም ያወጡላቸው የሙዚየሙ ዘበኞች ናቸው። በቅጥነታቸው እንዳይመስላችሁ፤ በሥራቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ቁጭ ብለው፣ ድንጋይ ውስጥ የቀረ አጥንት በመርፌ ጫፍ እየፈለቀቁ ያወጣሉ። አይ ትዕግሥት! እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን መርፌውንም ድንጋዩንም ወርውሬ እወጣ ነበር።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት የሚጠብቃቸው የለም፤ ልጅም አልወለዱ። ስለዚህ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋችውን ዳይኖሰር፣ "እንዴት አደርሽ?" ይሏታል። ፍየል ብታክል ነው። አለቃቸው ዶክተሯ ግን የጀርባ አጥንቷ አንጓዎች፣ በልጅነት ለየብቻ የሚሆኑት ላይኛና ታችኛ ክፍሎቻቸው፣ በደንብ የገጠሙ ናቸውና አድጋ የጨረሰች፣ እስከ ዛሬ ያልታወቀች ትንሽ ዝርያ ናት ብላ ጽሑፏን ልትልክ ሳምንት ቀርቷታል። አዲስ ዝርያ ከሆነች ደግሞ ገና ስንት ዓመት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትጠናለች። ጋሽ መርፌ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

ማክሰኞ ዕለት የመጨረሻውን አንጓ ከድንጋዩ ሲያላቅቁ፣ በላይኛውና በታችኛው ክፍሉ መካከል ቀጭን መስመር አዩ። ስንጥቅ መስሏቸው እንደ ልማዳቸው ሙጫውን አነሱ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ስንጥቅ እንዳሻው ነው የሚሄደው፤ ይሄኛው ግን ጥንቅቅ ያለ ነው። የቀሩት አሥራ አራት አንጓዎችስ? እዚያው ቦታ ላይ በሙጫና በጀሶ የደፈኑት ማን ሆነና! አጥንቷ ገና አልገጠመም፤ ልጅ ነበረች። ላይኛው አዳራሽ ለሕዝብ የቆመችው የግዙፏ ዳይኖሰር ዓይነት፣ ገና ያላደገች።

"ይቺ እጄ ትቆረጥ!" አሉ።

ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ቢናገሩ ግን ጥናቱ ያበቃል፤ ልጅቷም ከጠረጴዛቸው ተነስታ ላይኛው አዳራሽ ትወጣለች። ሆድ ይፍጀው ብለው እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ። አላስቻላቸውም።

"ልጄ፣ አጥፍቻለሁ" አሉና አንጓውን ዶክተሯ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። "ስንጥቅ መስሎኝ የደፈንኩት ሁሉ እንዲህ ነበር።"

ዶክተሯ በማጉያው አየችው። ደጋግማ አየችው።

"ጋሼ፣ ሦስት ዓመት እኮ ነው የለፋሁበት!"

"አውቃለሁ። ተቆጪኝ።"

"እቆጣለሁ እንጂ! ግን ባይነግሩኝ ኖሮ በአደባባይ ጉድ እሆን ነበር" አለችና ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

የደፈኑትን ሁሉ በዚያው መርፌ ሲፈለፍሉ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ከዚያ ልጅቷን ወስደው ከግዙፏ እግር ሥር አቆሟት።

በማግስቱ ጋሽ መርፌ በሩን ከፍተው፣ "እንዴት አደርሽ?" የሚለው ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው ባዶውን ጠረጴዛ ያዩት። ደረጃውን ወጡ።

"ምነው በጠዋቱ ጋሽ መርፌ?" አለ የአዳራሹ ዘበኛ።

"ልጅቷን ልያት ብዬ ነው።"

ፊቷ ቆመው ትንሿን አዩ፤ ቀና ብለው ትልቋንም አዩ።

"እንዴት አደራችሁ?" አሉ። ከዚያ ብቻቸውን ወደ ምድር ቤት ወረዱ።