ለእንግዳ የሚጨመር ኩበት

ታላቅ ወንድሜ ደባርቅ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበር። ከዳባትና ከጃናሞራ መምህራን ጋር ሆኖ አንድ ቤት በቀን ምን ያህል ኩበት እንደሚያነድ ማጥናት ጀመረ፤ የሚተርፈው ለገብስ ማሳ እንዲሆን ብሎ። ነገር ግን በገባበት ቤት ሁሉ እሳቱ ለእንግዳ ይጨመራል። «እኔኑ ለመጋበዝ ነው እኮ የሚነደው!» እያለ ይስቅ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዳቸው እንግዳ በማይባሉበት፣ በገዛ ጎረቤታቸው ቤት ኩበቱን እንዲመዝኑ ተስማሙ።

ወንድሜ ሲሞት መምህራኑ ለቅሶ መጡ። አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ «እንግዲህ የደባርቁን ማን ይመዝንልናል?» አለ። የወንድሜን ሚዛን ይዤ ወደ ምድጃችን ሄድኩ። አክስቴ ለለቀስተኛው ንፍሮ ትቀቅል ነበር።

«ዛሬማ ተው ልጄ፣ እንግዳ አለ» አለችኝ።

ወንድሜ ለእንግዳ ስለሚጨመረው ኩበት ይል የነበረውን አልረሳችም። እንግዳው ሁሉ በሄደ ማግስት መዘንኩ።