የአቢጊያ ቀይ ነጥቦች

አቢጊያ ጂንካ ከመጣች ጀምሮ የምትኖረው እኔ ግቢ ነው፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል። አገሯ ጨንቻ ነው። እሁድ ጸሎት ቤቷ ደርሳ ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ድምጿ አይሰማም። አንድም ቀን እንግዳ መጥቶላት አላየሁም። ሳቅ ስሰማ እንኳ ከጎረቤት ነው።

ሥራዋ ከየጤና ኬላው በስልክ የሚደርሳትን የሕመምተኛ ወሬ ኮምፒውተር ላይ ባለ ካርታ ማኖር ነው። ወባ የበዛበት ቦታ በነጥብ ይቀላል።

"እማማ፣ እኔ ደቡብ ኦሞን የማውቀው በቀለም ነው" ብላኛለች አንድ ቀን። "ከጂንካ ወጥቼ አላውቅም።"

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ካባራ በኋላ ሐመር ውስጥ አንድ መንደር ቀላ። መድኃኒት የጫነ መኪና ተላከ። ሾፌሩ ዶላሞ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሲመለስ በሩን ሳያንኳኳ ግቢዬ ገባ።

"አንቺ ባለ ካርታ! ቀልቷል ብለሽ ከሰደድሽን መንደር አንዲት አሮጊትና አንዲት ዶሮ አገኘን። ዶሮዋም ጤነኛ ናት!"

"ሕመምተኞቹ እኮ የዚያ መንደር ሰው ነን ብለዋል።"

"ይላሉ! የእኛን ሰው ከየት ነህ ካልሽው የአባቱን ደጅ ነው የሚነግርሽ። ጎረምሶቹ ከብት ይዘው ኦሞ ዳር ወርደዋል። ወባው ያለው እዚያ ነው።"

አቢጊያ ፊቷ ጠቆረ። ሰዎቹ ያለ መድኃኒት ሜዳ ላይ ተኝተዋል ማለት ነው። ቢሮ ሮጠች፤ ለየኬላው ደውላ "ከየት ነው የመጣው?" ማለቱን ትታ "ሲታመም የት እያደረ ነበር?" ብላ ጠየቀች። ነጥቦቹ ከመንደሩ ተነሥተው ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። ዶላሞ በማግስቱ ወረደ።

ከወንዙ ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል። ከብት ጠባቂዎቹ መድኃኒት አግኝተዋል፤ አንዱ ግን መኪናው ሳይደርስ ሞቷል።

"ስሙ ማን ነው?" አለችው።

"ሪፖርቱ ላይ ስም አይጻፍም፣ እህቴ።"

"ሪፖርቱን አይደለም፤ አንተን ነው የጠየቅሁህ።"

"ኤርጎ" አላት።

አመሻሹ ላይ ኮምፒውተሩን በረንዳዬ ላይ አምጥታ ከፈተችው። ካርታውን በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ የወንዙም የመንደሩም ስም አለ።

"ኤርጎን የት ልጻፈው፣ እማማ?" አለችኝ።

ባትሪው አልቆ ካርታው እስኪጨልም አጠገቧ ተቀመጥኩ።