የእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሁለት ገዢዎች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የምገዛውን ቤት ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅን «በእናትዎ ዋጋው እዚህ ላይ ይብቃ» ብዬ ልለምናቸው ተነሳሁ... ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም።

እኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ከባለቤቴ ከአስማማው ጋር ዘጠኝ ዓመት ተከራይተን ኖረናል። ዘንድሮ ቤት እንግዛ ብለን ከተነሳን ወዲህ ሁለት ቤት አምልጦናል። አንደኛውን ቀብድ ይዘን በሩ ላይ ደርሰን ሌላ ሰው ጨምሮ ወሰደው። ሁለተኛው ገና መንገድ ላይ ሳለን ተሸጠ።

የእትዬ ጥሩወርቅ ሦስተኛው ነው። ሦስት ክፍል ቤት፣ በመንገድ በኩል አንዲት ትንሽ የሱቅ ክፍል፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ አቮካዶ። እሳቸው ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ ነው የሚሸጡት።

ችግሩ ደላላው ጌጡ በየሳምንቱ ይደውልልኛል።

«ሰውዬው ደግሞ ጨመረ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የቡሬው ነጋዴ ነዋ። ባለመኪና ነው፣ ለሱ ምኑም አይደል። ካልቻላችሁ ተውት።»

ተውት ሲለኝ ይብስብኛል... እጨምራለሁ። አማቴ ማንኩሳ ያለ ባሕር ዛፋቸውን ሸጠው ሰጡን፤ እሱም አለቀ። ዓርብ ዕለት ጌጡ እንደገና ደወለ፣ እኔም እንደገና ጨመርኩ። አስማማው ሲሰማ «እንግዲህ የቀረችው የአባቴ ላም ናት» አለኝ።

በማግስቱ ነው እንግዲህ የሄድኩት።

እትዬ ጥሩወርቅ ገበያ ወጣ ብለው አልነበሩም። አቮካዶው ሥር አግዳሚው ላይ ግን አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ተቀምጠዋል። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ አንገታቸው ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል።

«ነይ እታለም፣ ተቀመጭ። አሁን ይመጣሉ» ብለው ጠጋ አሉልኝ።

ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው። የተከራዩት ሱቅ ሊፈርስ ስለሆነ ቦታ እየፈለጉ ነው።

«ይህን ቤት እንኳ ልገዛ ሞክሬ ነበር» አሉኝ። «አንዲት ዳያስፖራ ገባችበትና ተውኩት። ደላላው እንደነገረኝ ብር አያሳስባትም። እኔ እንግዲህ በስፌት መኪና ከዶላር ጋር እንዴት ልግጠም...»

አዘንኩላቸው። «እነሱ ናቸው እኮ ዋጋውን ሰማይ ያደረሱት» አልኩ ከልቤ።

«ዛሬ የመጣሁት ስልኳን ልጠይቅ ነው። ከገዛች የመንገዷን ክፍል ታከራየኝ እንደሆን።»

«እኔን ደግሞ የቡሬ ነጋዴ ነው መከራዬን ያበላኝ። ይህንኑ ቤት ነው። ባለመኪና ነው አሉ።»

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው አዩኝ።

«የቡሬ?»

«አዎ።»

«ከቡሬ መጥቶ ይህን ቤት የጠየቀ እኔ ነኝ። መኪናም የለኝ... አሁንም ከመናኸሪያ በባጃጅ ነው የመጣሁ።»

ተያየን። ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ አረፈ። ማንገቻው ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝኩት።

«እታለም... ዳያስፖራዋ አንቺ ነሽ?»

«ከባሕር ዳር አልፌ አላውቅም ጋሼ።»

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና «መቼ ነው የተዉት?» አልኳቸው።

«ሦስት ሳምንት አልፎኛል።»

በጣቴ ቆጠርኩ። በሦስቱ ሳምንት ጌጡ ሦስት ጊዜ ደውሏል፣ ሦስት ጊዜ ጨምሬያለሁ። ሌላ ገዢ ግን አልነበረም። እኔ የሂሳብ አስተማሪዋ ከራሴ ጋር ስጫረት ነው የከረምኩት።

ማልቀስ ነበረብኝ... ሳቅ ቀደመኝ። ጋሽ ሰይድም ኮፍያቸውን አውልቀው ሳቁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲገቡ በዚያው ሁኔታ ላይ አገኙን። ከመጀመሪያው ጀምረን ነገርናቸው። አልተቆጡም። ጨርሰው ሰሙንና ስልካቸውን አወጡ።

«ጌጡ፣ ዳያስፖራ ያልከኝ ገዢ መጥታለች። ልትከፍል ነው፣ ቶሎ ድረስ።»

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ጌጡ ኮቱን ደርቦ፣ ጫማውን አስጠርጎ ገባ። መጀመሪያ እኔን አየ። ቀጥሎ ጋሽ ሰይድን። ከዚያ ዞሮ የመጣበትን በር አየ።

«ና ቁጭ በል። እነዚህን እንኳ ታውቃቸዋለህ» አሉት እትዬ።

«እኔ እኮ... ለእርስዎ ብዬ ነው እትዬ። ቤትዎ ዋጋ እንዲያወጣ።»

«አውቃለሁ ልጄ። የእግርህን ድካም እከፍልሃለሁ። ምላስህን ግን አልቀጠርኩትም።»

ጌጡ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ወደኔ ዞሩ።

«ሰይድ ባቆመበት ላይ ጥቂት ጨምሪና ውሰጅው። ከዚያ በላይ ያለው ያንቺ ነው። ልጄ ዘንድ ሄጄ ሰው የተታለለበትን ብር ስበላ እንዴት ይወርድልኛል?»

እኔ ግን ጋሽ ሰይድን ማየት ከበደኝ። «እርስዎስ ጋሼ? በዚያ ዋጋ ከሆነ እርስዎም...»

«ያኔም ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው የተውኩት። ለእኔ የመንገዷ ክፍል ትበቃኛለች። ኪራዩን ግን እንደ ዳያስፖራ እንዳታደርጊው።»

ማክሰኞ ውሉን ተፈራረምን። ጋሽ ሰይድ ምስክር ሆነው ፈረሙ። አማቴ በስልክ ታሪኩን ሲሰሙ ብዙ ሳቁና «ላሟ ተረፈች በሉኛ» አሉ።

እና ወዳጆቼ፣ ቤት ስትገዙ «ሌላ ሰው ጨመረ» ከተባላችሁ መጀመሪያ ሰውዬውን ፈልጋችሁ ሻይ ጋብዙት... ከጭማሪው ይረክሳል።