ሦስት ቁጥርና ሰባት ቁጥር

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ እትዬ ጆሮ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ ረጅም የብረት ዘንግ አስፋልቱ ላይ ታቆምና ጫፉን ጆሮዋ ላይ አስደግፋ ከመሬት በታች ቧንቧው የት ጋ እንደሚያፈስ ታዳምጣለች። "እዚህ ጋ" ስትል ይቆፈራል፤ ውሃው ይገኛል።

በዚያ ዓመት ግን ቀኝ ጆሮዋ ከዳት። ሐኪሙ አይቶ "ዕድሜ ነው" ብሎ አሰናበታት። ለመሥሪያ ቤቱ ትንፍሽ አላለችም። ዘንጉን ወደ ግራ ጆሮዋ አዛወረችው፤ ግራው ደግሞ እንደዚያ ያለ ሥራ ለምዶ አያውቅም። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ደረቅ ጉድጓድ አስቆፈረች። ቆፋሪዎቹ በየጊዜው ባዶውን ጉድጓድ መልሰው ሞሉት።

ምስጢሯን የነገረችው ለታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ዓይነት ሰው።

"እታለም፣ ጆሮሽን ተዪው" አላት። "ቧንቧው ሁለት ጫፍ አለው አይደል? ውሃው በቀዳዳው ሲያመልጥ የሚያሰማው ድምፅ ብረቱን ይዞ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይሮጣል። ቀድሞ የደረሰበት ጫፍ ለቀዳዳው ይቀርባል። በስንት እንደቀደመ ካወቅን ቦታውን በሜትር እንናገራለን።"

"እሱን የሚሠራ መሣሪያ እኮ ነበረን። ተቃጥሎ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል።"

"እንግዲያው እኛ እንሠራዋለን።"

ቸግሮ የነበረው የሰዓቱ ነገር ነው። የቧንቧው ሁለት ጫፎች ስድስት መቶ ሜትር ይራራቃሉ፤ መሃላቸው መኪና እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ ሽቦ መዘርጋት አይታሰብም። በየጫፉ አንድ አንድ መቅጃ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሁለቱ መቅጃዎች ግን አንድ ዓይነት ሰዓት መስማት አለባቸው። ድምፅ በብረት ቧንቧ ላይ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሰዓቱ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ከተሳሳተ፣ ስህተቱ ለሁለቱ ጫፍ ስለሚካፈል፣ ጉድጓዱ ስልሳ ሜትር ርቆ ይቆፈራል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ የግድግዳ ሰዓት መለዋወጫ ከሚሸጥ ወዳጁ ስምንት ትንንሽ የሬዲዮ መቀበያ ይዞ ከች አለ። ራሱን በሬዲዮ የሚያስተካክል ርካሽ ሰዓት ሆድ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። አንዱ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም፤ ከጎኑ መዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለው፤ እሱ አንቴናው ነው። ሥራቸው ከሩቅ ማማ በየሰከንዱ የሚላከውን የሰዓት ምልክት ተቀብለው አንዴ "ቀጭ" ማለት ነው። እትዬ ጆሮ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ጻፈችባቸውና የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረቻቸው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። አንድ ቁጥር ጭራሽ ዲዳ ሆነ። አምስት ቁጥር በሰከንድ ሦስቴ ይንጫጫል። ረፋዱ ላይ ደግሞ ሁሉም ባንዴ አበዱ። ወንድሟ ብየዳውን ሊፈታ መበየጃውን ሲያነሳ እሷ ጆሮዋን ሳይሆን መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች፤ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጓዳ በኩል በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የስፌት መኪናውን ይነዳል።

"አንተ፣ እስቲ እግርህን አንሳ" አለችው።

አነሳ። መቀበያዎቹ አደብ ገዙ።

"እንደገና ርገጥ።"

ረገጠ። እንደገና አበዱ።

"እኔ እዚህ ስረግጥ እነሱን እዚያ ምን ያማቸዋል?" አለ ባሏ፣ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ። "ሃያ ሁለት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አለብኝ፤ ሰኞ ይፈለጋል።"

እሱን ማስቆም ስላልተቻለ ጠረጴዛውን ተሸክመው በረንዳ ላይ አወጡት። እዚያም አንቴናውን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ማማው በየት በኩል እንደሆነ ደረሱበት፤ ዘንጉ ጎኑን ሲሰጠው ድምፁ ይጠራል፣ ጫፉን ሲሰጠው ይሞታል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሁለቱን እያጣመዱ፣ አንዱን በመቅጃው ግራ ሌላውን በቀኝ አድርገው፣ አንድ አንድ ሰዓት ይቀዱ ጀመር። ወንድሟ ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ ዘርግቶ የትኛው በስንት እንደቀደመ ያነብላታል፤ እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

"ሰባት ቁጥር አይረባም" አለ። "ሁልጊዜ ከሦስት ቁጥር ኋላ ነው የሚመጣው።"

"በስንት?"

"በሰከንድ ሺህኛ ቢቆጠር፣ በአሥራ አንድ።"

"ትናንትስ?"

ቅጂዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገለጥ ገለጥ አደረገ። "አሥራ አንድ።"

እሷ የደብተሩን ገጾች ወደ ኋላ ገለጠች። ነጠላ ምት ሲያዩት ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የአንድ ሰዓቱ ምት ተደምሮ ሲካፈል ግን አሥራ አንድ። በዝናብ አሥራ አንድ። ቦታ ሲለዋወጡም አሥራ አንድ። ሌሎቹ አንዴ ሲቀድሙ አንዴ ሲዘገዩ የሚታመን ነገር የላቸውም።

"ስንት እንደሚዘገይ ካወቅኩ መዘግየቱ ምን ቸገረኝ?" አለች። "ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት የሚያረፍድ ሰው አውቃለሁ። ቀጠሮውን ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ነው የምነግረው፤ አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም።"

ወንድሟ የምታወራው ስለ እሱ ራሱ እንደሆነ ሲገባው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ቁጥርንና ሰባት ቁጥርን ይዘው፣ ነዋሪው ሦስት ሳምንት ውሃ ወዳጣበት ጎዳና ወጡ። አራት ጉድጓድ ተቆፍሮበት አንዱም ቀዳዳውን አላገኘም። አንዱን መቅጃ ከቧንቧው ላይኛ ጫፍ መዝጊያ፣ ሌላውን ከታችኛው አጥምደው አንድ ሰዓት ቀዱ። ወንድሟ የመኪና ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱን ድምፆች እያንሸራተተ አጋጠማቸውና፣ የሰባት ቁጥርን አሥራ አንድ አስተካክሎ፣ "ከላይኛው መዝጊያ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሜትር" አለ። መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ማለት ነው።

የቆፋሪዎቹ አለቃ ዶማውን ተደግፎ አያት። "እትዬ፣ አንቺስ ምን ትሰሚያለሽ?"

"ጆሮዬን አትጠይቀኝ" አለችው። "ቀኙ ከሄደ ስድስት ወሩ ነው። ልነግራችሁ ፈርቼ ነው።"

ሰውየው ዶማውን አነሳና የመጀመሪያውን ምት ራሱ መታ።

አንድ ሜትር ተኩል ወረዱ። ቧንቧው ተገኘ፤ ዙሪያው ደረቅ አፈር ነው።

ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ማራገፍ ጀመሩ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና የጠዋቱን ነገር አንድ በአንድ ታስታውስ ጀመር፤ ከመኪናው ወረዱ፣ ዕቃውን ተከፋፈሉ፣ እሷ ወደ ላይ ሄደች።

"ሰባት ቁጥርን የት አድርገህ ነው ያሰላኸው?" አለች ወንድሟን።

"እንደተነጋገርነው ነዋ፣ ላይኛው ጋ።"

"ላይኛውን ያጠመድኩት እኔ ነኝ። እጄ ላይ የነበረው ሦስት ቁጥር ነው።"

ወንድሟ ኮምፒውተሩን ወደ ጭኑ ሳበ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። "በተቃራኒው ነው ያስተካከልኩት፤ ስህተቱ እጥፍ ሆነ። አሥራ ሦስት ሜትር ወደ ላይ።"

እሷ ሜትሩን ይዛ እየሮጠች ነበር። በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ በመሥሪያ ቤት ቡትስ፣ በእግረኛው መሃል። አሥራ ሦስተኛው ሜትር ፀጉር ቆራጩ ደጃፍ ላይ አረፈ።

"በሬ ላይ?" አለ ፀጉር ቆራጩ፣ ማበጠሪያውን እንደያዘ። "ውስጥ ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው አለ፤ በየት ይውጣ?"

"ይቆይና ሁለተኛውን ግማሽ ጨርስለት" አለው አለቃው፣ ድንጋዩን እያነሳ።

ግማሽ ሜትር፣ ምንም። አንድ ሜትር፣ አፈሩ ጠቆር አለ። እትዬ ጆሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ አንድ ጭብጥ አፈር አስወጣችና ጨመቀችው፤ በጣቶቿ መሃል ጭቃ ወጣ። "በቀስታ" ስትል አካፋው ብረት ነካ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ተፈናጥሮ አለቃውን ከደረቱ እስከ አገጩ አለበሰው። ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ ሊያይ ወጣ። ወንድሟ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሞ፣ "አርባ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሳትነው፣ እታለም፣ አርባ ብቻ" ይላል።

አለቃው ካፖርቱን አውልቆ ጨመቀ። "ይህን ጠግነን ነገ ከገበያው ጀርባ ያለውን እናያለን፤ እሱም ዓመት ሙሉ አስቸግሮናል" አለ።

"ለምን ነገ?" አለችው፣ ጉልበቷን እያራገፈች። "ገና ስምንት ሰዓት ነው።"