«ከልጅ ጋር» እና «ያለ ልጅ»

ባለፈው ሳምንት ልጄን ለአልትራሳውንድ ጎንደር ወስጃት ነበር። ገንዘብ ተቀባዩ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጎ ደረሰኝ ሰጣት። የምርመራው ዓይነት በቁጥር ብቻ ተጽፏል። ወረቀቱን ሳየው ድሮ የሠራሁባት የቆላ ከተማ፣ ሸሕዲ፣ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ አንድ የግል ክሊኒክ ገንዘብ ተቀባይ አድርጎ ቀጥሮኛል። የእኛ መለያ ቁጥር ሳይሆን ቃል ነበር። ለነፍሰ ጡር የሚደረገውን የማህፀን ምርመራ «ከልጅ ጋር»፣ ሌላውን «ያለ ልጅ» ብለን እንጽፋለን። «ያለ ልጅ» ብዙ ነገር ስለሚታይበት ዋጋው ይወደዳል። ይህን ስም ያወጣው ሰው መቼም ሴት አይመስለኝም።

ክረምት ነበር፤ መንገዱ ዋልካ ጭቃ፣ አየሩ እየዘነበም የሚያፍን። ከሰሊጥ እርሻ በትራክተር ተጎታች አንዲት የጎጃም ሴት ከባሏ ጋር መጣች። የሺ ትባላለች። ዓመታት ሳትወልድ ቆይታ የወር አበባዋ ቀርቶ ሆዷ ገፍቷል። የባሏ ቤተሰቦች ዘንድሮም ካልወለደች ሌላ እንዲያገባ ቆርጠዋል። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ ክፉው ቀን ያለፈላት መስሏታል። እኔም «ከልጅ ጋር» ብዬ ጻፍኩላት። ሽንት እንድትይዝ ብዙ ጠጪ ስትባል ባሏ ከጎረቤት ሱቅ ከውሃው ሌላ ቀዝቃዛ የከርከዴ አበባ መጠጥ ጨምሮ አመጣላት። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እያሉ መረቋት።

ምርመራው እንዳለቀ የአልትራሳውንድ ባለሙያው ወረቀቱን በመስኮት አቀበለኝ። እጢ ነው፣ ደረሰኙን ወደ «ያለ ልጅ» ቀይሪው አለኝና ቀጣዩን ጠራ። ለእሷ ምንም አልነገራትም።

ጮክ ብዬ መጥራት አልሆነልኝም። አጠገቧ ሄጄ ደረሰኙ እንደሚቀየር፣ ትንሽ ገንዘብም እንደሚጨመር በቀስታ ነገርኳት። ባሏን አየት አደረገችና ፊቷ በራ።

«መንታ ነው እንዴ፣ እቴ?» አለችኝ።

ባሏ እየሳቀ እጁን ኪሱ ከተተ። የክሊኒኩን ዶክተር ጠራሁት፤ አስገብቶ እሱ ነገራቸው። ሲወጡ ባሏ ዞር ብሎ ሳያይ ከፊት ሄደ፤ እሷ ጭቃው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነች አላወቅሁም። ሰው ክፉ ወሬን እንደምንም ይችለዋል፤ በደስታ ላይ ሲመጣ ግን ከባድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎንደር የልጄ ስም ተጠርቶ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። የሚታየው ምንም ይሁን ምን፣ የሚያየው ሰው ራሱ እንዲነግራት ጸለይኩ።