ሃያ ደቂቃ ውኃ

እኔ ያደግኩት ቧንቧ በማይዘጋበት ቤት ነው። ነገሌ ቦረና ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ፈረቃው ግን ቃሉን አይጠብቅም። ስለዚህ ውኃው ሲሄድ ቧንቧውን ከፍተን እንተወውና ከሥሩ ባዶ ጣሳ እናስቀምጣለን። መጀመሪያ አየሩ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ጣሳው ይንኳኳል፣ ያኔ መጀመሪያ የሰማው ሰው «ቢሻን ዱፌ!» እያለ ውኃ መምጣቱን ለሰፈሩ ያበስራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ዛሬም ቡሌ ሆራ ባለው ቤቴ ምሳ ላይ ተቀምጬ ቧንቧ ሲያፏጭ ከሰማሁ ጉርሻዬን ጥዬ እነሳለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ነገሌ ብቻዋን ትኖራለች። ጡረታ የወጣች ረዳት ነርስ ናት። ግቢዋ ውስጥ ቧንቧ አለ፤ ከጀርባዋ ያሉት ቤቶች ግን የላቸውም። ውኃ በመጣ ቀን የእነዚያ ቤቶች ሴቶች ጀሪካናቸውን ግቢዋ ውስጥ ይደረድራሉ። ቦረና ኤላ ላይ፣ የውኃ ጉድጓዱ ዘንድ፣ ከብት በተራው እንደሚጠጣ ሁሉ እዚያም ተራ አለ፤ ተራ አስከባሪዋ እናቴ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ከዚያ ግቢ ሲወጣ አላየሁም።

ከሁለት ዓመት በፊት እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ውኃው ሳይታሰብ መጣ። የማድ ቤቱ ቧንቧ እንደ ልማዷ ክፍት ነበር። ከሥሩ ያለው በርሜል ሞልቶ ሊሾው ላይ ፈሰሰ። እናቴ ገብታ ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰነጠቀ። ያገኘቻት ጀሪካን ይዛ ውኃ ልትቀዳ የገባች የጀርባ ጎረቤቷ ናት።

ሦስት ወር እኔ ቤት ተቀመጠች፤ ታሰረች ማለት ይቀላል። በየቀኑ «ቤቴ» ትላለች። በመጨረሻ ተሸነፍኩ፤ ግን አንድ ቃል አስገባኋት። ሁለተኛ ከወደቀች ቤቱን ቆልፋ ለሁልጊዜው እኔ ጋ ትመጣለች። «እሺ» አለችኝ ፊቷን አዙራ። እኔም እንዳትወድቅ ምን ላድርግ እያልኩ ዕረፍት አጣሁ።

እንግዲህ መሣሪያው የመጣው በዚህ ጭንቀት ነው። አንዱ ክፍል ወለል ላይ የሚቀመጥ ነጭ ሴንሰር ነው፤ ውኃ ሲነካው ይጮኻል። ሌላው ቆጣሪው አጠገብ ዋናው መስመር ላይ የሚገጠም፣ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ሁለቱም ወሬውን ስልኬ ላይ ያደርሳሉ። የቧንቧ ሠራተኛው ሲገጥም ደውሎ ጠየቀኝ፦

«እህቴ፣ ውኃው ስንት ደቂቃ ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ነው ቫልቩ የሚዘጋው?»

እኔ ቡሌ ሆራ ሳሎኔ ውስጥ ቆሜአለሁ። ገላ መታጠብ ስንት ይፈጃል? ዕቃ ማጠብስ?

«ሃያ ደቂቃ» አልኩት።

«ሃያ ብቻ?»

«ይበቃል» አልኩ፤ ቆራጥነቴ ራሴንም ደስ አሰኘኝ።

ከዚያ በኋላ ስልኬን ስንት ጊዜ እንደማየው እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ስልክ የያዘ ተማሪ የምቆጣው እኔ፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ የእናቴን ወለል እሰልላለሁ። አንድ ቀን ሴንሰሩ ጮኸ። ደንግጬ ደወልኩ።

«ወለል እየወለወልኩ ነው» አለች እናቴ። «ይህንንም ልተው?»

ነገሌ ሦስት ሳምንት ውኃ ጠፋ። በአራተኛው ሳምንት፣ የሰፈሩ ፈረቃ በሆነው ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ክፍል ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «ውኃ ሳያቋርጥ ፈሷል፤ ዋናው መስመር ተዘግቷል» ይላል። እናቴ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። የቧንቧ ሠራተኛው ከከተማ ወጥቷል። የጎረቤቶቿን ስልክ አንዱንም አልያዝኩም፤ መሣሪያ ካለኝ ጎረቤት ምን ያደርግልኛል ያልኩ ይመስል። የወለሉ ሴንሰር ምንም አለማለቱን እንኳ አላስተዋልኩም። ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁና የነገሌ መኪና ተሳፈርኩ።

መንገዱን አልነግራችሁም፤ እኔም አላየሁትም። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እደውላለሁ። ስልኬ ላይ «ክፈት» የሚል ቁልፍ አለ። ጣቴ ስንቴ ሄዶበት ተመለሰ! እናቴ ሊሾው ላይ ወድቃ ከሆነ ብከፍተው ውኃ ልጨምርባት አይደል? ስለዚህ አልነካሁትም። ሾፌሩን ግን በጭቅጭቅ ቁም ስቅሉን አሳየሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢውን በር ገፍቼ ገባሁ።

እናቴ ቆማለች። ከቧንቧው እስከ አጥሩ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ሴቶቹ ከየጀሪካናቸው አጠገብ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የቫልቩ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ነው የገባኝ። አንድ ሰፈር በተራ የሚቀዳበትን ቧንቧ በሃያ ደቂቃ ዘግቼዋለሁ። ጣሳው ሲንኳኳ የምሮጠው እኔ፣ ያንን ግቢ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ!

ያቺ እናቴን በወደቀችበት ያገኘቻት ጎረቤት ተነሳች። «አካም፣ ናጋ ነው? በደህና ገባሽ?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«ስልክሽስ?» አልኳት እናቴን።

«ትራስ ሥር ይሆናል። ቧንቧው ሲደርቅ ወደ ውኃ ቢሮ ሄድኩ። ከኛ በኩል ክፍት ነው አሉኝ። ተመልሼ ይሄን ቀይ ዓይን አየሁት፤ በስልክሽ እንደሚከፈት አላወቅኩ፣ የሚከፍተው ሰው የለም። ሰው ሁሉ እኔ የዘጋሁ መሰለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በዚህ አገር ውኃ ዘጋች ተባልኩ።»

ስልኬን አውጥቼ «ክፈት» የሚለውን ተጫንኩ። ቫልቩ ቋ አለ። ቧንቧው አፏጨ፣ ሴቶቹ ብድግ አሉ፤ ከዚያ አየሩም ዝም አለ። ፈረቃው አልቋል። ያን ሁሉ ሰዓት ውኃውን በእጄ ይዤው ነበር የመጣሁት።

እናቴ ከሃያው ደቂቃ የተረፈ ግማሽ በርሜል ውኃ ነበራት። በተራቸው እየጠራች በጆግ ለሁሉም ቀዳችላቸው። በርሜሉን አዘንብላ የመጨረሻውን ስታወጣ እፍረት ገደለኝ፤ አለቀስኩ።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ «አስነቅልልሻለሁ» አልኳት። «ግን እማዬ፣ ብትወድቂስ?»

«ያኔ የወደቅኩ ዕለት ማን አነሳኝ?»

መልሱንም ራሷ ሰጠችኝ።

«ውኃ ልትቀዳ የመጣች ናት ያነሳችኝ። አንቺ ዛሬ እየበረርሽ መጥተሽ ስንት ሰዓት ገባሽ?»

ቡሌ ሆራ ነይ የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አላነሳሁም። የወለሉ ሴንሰር ማድ ቤት አለ፤ ከጮኸ አሁን የምደውለው ለጎረቤቷ ነው። ቫልቩን አላስነቀልኩትም፤ ስልኬ ላይ ይነግረኛል እንጂ በራሱ እንዳይዘጋ አስደርጌዋለሁ። የኔ ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር መቀመጫ አጣለሁ። ስልኬን ከፍቼ ውኃው እየፈሰሰ መሆኑን አያለሁ። አንድ ሰዓት ይሞላል፣ ሁለት ይሞላል፣ ሦስት ይሞላል። ያን ያህል ከፈሰሰ ግቢው ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው።