ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ያነሳል

ረቡዕ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤቴ ደወልኩ። ቤቱ አነሳ።

ላስረዳ። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው አፓርታማዬ ውስጥ፣ የጎረቤቴ ቤት ከተዘረፈ በኋላ አላርም አስገጥሜያለሁ። ሲም ካርድ ያለው ነጭ ሳጥን ነው፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስደውልለት «ቀጭ» ብሎ ያነሳል። የሚስጥር ቁጥሬን አስገባለሁ። አንድን ስጫን ይጠመዳል፤ ዜሮን ስጫን ይፈታል። ሲጠመድ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ሳሎን ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው ካለ የጥበቃ ድርጅቱ መኪና ይመጣል።

ሦስትን ስጫን ደግሞ ያሰማኛል... ቤቱን። ቤቱ ግን እኔን አይሰማኝም።

ይህቺን ሦስት ቁጥር ለማንም አልነገርኩም። ጊጊሪ ሰፈር ያለው ቢሮዬ ውስጥ፣ ከምሳ በፊት፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ፍሪጁ ያንኮራፋል። ውጭ እነዚያ መንቁረ ረጅም ወፎች ይንጫጫሉ። እኔ በሌለሁበት የሚቀጥል ቤት። የሞተ ሰው ቤቱን የሚጎበኘው እንዲህ ይሆን... እላለሁ።

ከአንድ ወር በፊት አባቴ ሊጠይቀኝ ከአገር ቤት፣ ከሆሳዕና፣ ድንበር ተሻግሮ መጣ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበር፤ የድሮው ዓይነት፣ ገመድ እየሰካ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ። እሱ ከመጣ ወዲህ ቤቱ ሌላ ድምፅ አወጣ። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ። ነጠላ ጫማ ሲጎተት። መዝሙር፣ ያለ ቃል፣ በአፍንጫ ብቻ።

በየቀኑ አዳመጥኩት። ደህና መሆኑን ለማወቅ ነው እያልኩ። ግን አልነገርኩትም። ሰው አባቱን ተደብቆ ያዳምጣል?

ረቡዕ ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሽ ታደሰ፣ መጥቶ ወደ ጾም ጸሎት ይወስደዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመለሱም። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዌስትላንድስ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ፣ ማታቱ ሚኒባስ ላይ ተቀምጬ፣ ባዶውን ቤት እንደ ልማዴ አጠመድኩት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስትን ተጫንኩ። ፍሪጁ። ወፎቹ። ከዚያ... እስትንፋስ።

ባዶ ቤት አይተነፍስም።

ሌባ! አልኩ በልቤ። ሌባ ግን ይንቀሳቀሳል። ይሄ ፈቅ ሳይል የተቀመጠ ሰው እስትንፋስ ነው። ጉሮሮ ተጠረገ። ከዚያ፣ ልጅ ሆኜ መሥሪያ ቤቱ ስሄድ የምሰማው ያ ቀጥ ያለ የአባቴ የሥራ ድምፅ...

«ሃሎ። መስመሩ ክፍት ነው። አንቺ ልጅ፣ ካለሽ ስሚኝ። ቤት ነኝ። መንገዱን ጎርፍ ዘግቶት ጸሎቱ ቀረ። ተመልሼ ገና ጫማዬን ሳወልቅ ሳጥንሽ ሦስቴ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀስኩም።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ!

በቢሮው ስልክ ሞባይሉ ላይ ደወልኩ። በአንዱ ጆሮዬ ሲጠራ፣ በሌላው ጆሮዬ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከመኝታ ክፍሉ፣ ሲጮኽ ሰማሁት።

«ይጠራል» አለ አባቴ በእርጋታ። «አልሄድም።»

ለምን እንደማይሄድ አውቃለሁ። ፓስፖርቱ ለቪዛ ማራዘሚያ ኢሚግሬሽን ገብቷል። «ጥበቃዎቹ ከፖሊስ ጋር ነው የሚመጡት፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ወረቀት ነው» ብዬ ያስፈራራሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ቃል ስዋሂሊ አያውቅም። የፖሊስ መኪና ላይ ሲጭኑት ታየኝ... ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

ቁጥሬን አስገባሁ። ተሳሳትኩ። ደገምኩ። አሁንም ተሳሳትኩ። ሦስተኛ ከተሳሳትኩ ሳጥኑ ራሱ ጥበቃዎቹን ይጠራል።

አጠገቤ የምትቀመጠው ዋምቡይ፣ ምን እንደገጠመኝ ሳታውቅ፣ ፊቴን ብቻ አይታ «ፖሌ ፖሌ» አለችኝ። ቀስ በይ።

ቀስ አልኩ። አራቱን ቁጥር አንድ በአንድ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ። ዜሮ።

አንድ ረጅም ጩኸት። ተፈታ።

«ተቀብያለሁ» አለ አባቴ።

በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል በረርኩ። ስደርስ እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ እግሩ ደንዝዞ አልነሳ ብሎታል። አንዱ ጫማ እግሩ ላይ፣ አንዱ እጁ ላይ።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ...»

«ተዪ ባክሽ። እንዲህ ሳልነቃነቅ ጸልዬ አላውቅም። ታደሰ ቢያየኝ ይቀና ነበር።»

ተንበርክኬ ጫማውን አወለቅሁለት። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«እንደምሰማህ በምን አወቅህ?»

«ሠላሳ ዓመት መስመር ላይ ተቀምጬ፣ መስመር ሲከፈት ይጠፋኛል? በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሳጥንሽ ቀጭ ይላል። ልጄ መጣች እላለሁ። ጫማዬን እጎትታለሁ፤ ትንሽ አንጎራጉራለሁ፤ ሻይ አማስላለሁ። ደህና መሆኔን እንድታውቂ።»

ያኔ ትዝ አለኝ። አባቴ ስኳር በሽታ አለበት።

«አንተ እኮ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው...»

«ታዲያ ማንኪያውን ለማን ብዬ ይመስልሻል?»

ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩ። ቤቱ አነሳ። ማንኪያው ዞረ... ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ።

ስኳር የሌለው ሻይ ይህን ያህል እንደሚጣፍጥ በጆሮዬ ነው ያወቅሁት።